ለዓለም ጉባኤ የጎደለችው አንዲት ፊርማ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት... ታቦር ሰፈር፣ የቤተክርስቲያናችን አዳራሽ ውስጥ፣ ቅጽና እስክሪብቶ ይዤ አሥራ ሦስት ሴት ልጆች ፊት ቆሜያለሁ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ከፈረሙልኝ የሄድኩ ያህል ነው!

የት? ልንገራችሁ። በበጎ ፈቃድ የማገለግልበት የክርስቲያን ሴት ልጆች ማኅበር የሰፈር ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእኛ ቅርንጫፍ የሚለውን ለአገር አቀፉ ጽሕፈት ቤት ይልካል፣ እሱ ለአፍሪካው ምክር ቤት፣ የአፍሪካው ደግሞ ለዓለም ጉባኤ። ከየአገሩ አንዲት ወጣት ተመርጣ እዚያ ትሄዳለች። በማኔጅመንት ተመርቃ ዓመት ሙሉ ሲቪ ስታባዛ ለከረመች ልጅ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት... ፓስፖርት የለኝም፣ ሻንጣ ግን መርጫለሁ።

ቅጹ የሚለው ቀላል ነው። እጩዋን የቅርንጫፉ ልጆች ራሳቸው ተስማምተውባት ይፈርሙ፤ ከዚያ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለጽሕፈት ቤቱ መላክ፤ ምዝገባው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከእኔ ሌላ እጩ የለም። ምን ይመጣል?

ሰብሳቢያችን እትዬ ብርቄ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ልጆቹን ክብ አስቀምጠው የሚያወያዩት በሲዳማ ሽማግሌዎች ወግ ነው። ነገር ከመወሰኑ በፊት «አፊኒ?» ይላሉ፤ ሰምታችኋል ወይ? እንደማለት። ያልሰማ ሰው ካለ ነገሩ ይቆያል። ልጆቹም እንደ ጨዋታ ለምደውታል።

«አፊኒ?» አሉ እትዬ ብርቄ።

ቃልኪዳን እጇን አወጣች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ግን የሁላችንም ጠበቃ ናት።

«ምህረት አልሰማችም።»

«ምህረት የታለች?» አልኩ።

«ኧረ እህት ሩት! ከቀረች እኮ ቆየች።»

ሰዓቴን አየሁ። «በአብላጫ ድምፅ ይወሰን! አሥራ ሦስት ለአንድ ነው። የማኅበሩ የዓለም ደንብም ይፈቅዳል።»

እትዬ ብርቄ መነጽራቸውን አወለቁ። «ደንቡ ይፈቅድልሻል ልጄ... እነሱ ግን አይፈቅዱልሽም።»

ዞር ብዬ ሳይ አሥራ ሦስቱም እጃቸውን አጣጥፈዋል።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጅ ይዤ ምህረት ወደምትኖርበት፣ ከተማው ዳር ወዳለው ቱላ በረርኩ። የምህረት እናት ቤታቸው በር ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ይሸጣሉ። ገበያተኛው ከቧቸዋል። ምህረት ከጎናቸው ሚዛን ይዛለች።

«እንደምን ዋሉ እትዬ፣ ምህረትን ለአንድ ሁለት ሰዓት ብቻ...»

«ዛሬ? በገበያ ቀን? ሌላ እጅ ያለኝ መሰለሽ?»

ምህረት ቀና አላለችም። «ለምን ፈለግሽኝ?»

«ፊርማሽ... ለዓለም ጉባኤ...»

ይሄኔ አየችኝ። «ስድስት ቅዳሜ ቀረሁ፣ ማንም አልመጣም። ፊርማዬ ሲፈለግ መጣሽ።»

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ስንት የሥራ ቃለ መጠይቅ ወድቄያለሁ፣ እንደዚህ የጣለኝ ግን የለም። «ይቅርታ» ብቻ አልኩ። ሚዛኑን አስቀምጣ «እሺ እመጣለሁ፣ ግን እዚያ እናገራለሁ» አለችኝ።

እናቷ ሁለታችንንም አየት አየት አድርገው «በይ ነይ መዝኚ፣ እሷ ልብሷን ትቀይር» አሉኝ።

ዲግሪዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ገባ! ጎረቤታቸው መጥታ እስክትተካኝ ቲማቲም ስመዝን ቆየሁ። አንዲት ገበያተኛ «አንቺ ልጅ፣ የፈረጠውን ለማን ነው የምትጨምሪው?» ብላ ሕዝብ ፊት አዋረደችኝ።

አዳራሹ ስንደርስ አሥር ሰዓት አልፏል። ልጆቹ ምህረትን ሲያዩ ጮኹ፣ ከዚያ ክቡ ውስጥ ቦታ ሰጧት። ቆማ ጀመረች።

«ቅዳሜ ገበያ ነው። እናቴ ብቻዋን አትችልም። ስብሰባው እሁድ ቢሆን እመጣ ነበር... ማንም አልጠየቀኝም።»

«እኔም ቅዳሜ ትንሹን ወንድሜን ጥዬ ነው የምመጣው» አለች ሌላዋ። «በየሳምንቱ ይቆጡኛል።»

ሦስተኛዋ ቀጠለች። አራተኛዋም። ለካ ሁሉም የሆዱን ይዞ ነው ቅዳሜ ቅዳሜ መዝሙር ሲዘምርልኝ የከረመው! እኔ ደግሞ ዓይኔ ግድግዳው ሰዓት ላይ ነው። ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ... አሥር ጉዳይ...

ምህረት እንደገና ተነስታ እናቷ በገበያው የተነሳ «ከማኅበሩ ጨርሰሽ ውጪ» እንዳሏት መናገር ስትጀምር፣ ቃልኪዳን ፊቴን አይታ አዘነችልኝ።

«እህት ሩት ልታለቅስ ነው! መጀመሪያ እንፈርምላት፣ ምህረት በኋላ ትጨርሳለች።»

ሁለት ሦስት እጅ ወደ እስክሪብቶው ተዘረጋ። እትዬ ብርቄ ያዩኛል። ምህረት የጀመረችውን ቃል ዋጥ አድርጋ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። ያ አቀማመጧ... እንደለመደችው ነበር።

እስክሪብቶውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ትጨርስ» አልኩ።

ጨረሰች። ሌሎቹም ጨረሱ። ስብሰባው እሁድ ከአምልኮ በኋላ እንዲሆን ተስማሙ። ከዚያ አሥራ አራቱም ተሰልፈው ፈረሙልኝ፤ ቃልኪዳንማ ስሟን ከነአያቷ ጻፈች። ፎቶውን የላክሁት አሥራ አንድ ከሃያ አምስት ላይ ነው።

መልሱ ወዲያው መጣ። «ምዝገባው ተዘግቷል እህታችን፣ ለቀጣዩ ጉባኤ እንጠብቅሻለን።» የጸሎት እጅ ኢሞጂም አብሮ አለው።

«ቀጣዩ መቼ ነው?» አሉኝ እትዬ ብርቄ።

«ገና ስንት ዓመት አለው...»

«ጥሩ ነዋ! እስከዚያ የሁሉንም ቤት ታዳርሻለሽ።»

ሳቄ መጣ፣ ትንሽ እንባም አብሮት።

እናም ወዳጆቼ፣ እስካሁን ማኅበሩን ወክዬ የሄድኩበት ሩቅ አገር ቱላ ነው... እሱንም ስድስት ቅዳሜ ዘግይቼ።