ጎል የማን ልጅ ነው?

ሐሙስ ጠዋት ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ የተነሳሁት የገዛ አፌ ያበላሸውን ለማቃናት ነው። የቀድሞ ተማሪዬ ትርንጎ በባሕር ዳር የሴቶች ቡድን አማካይ ሆና ትጫወታለች። ኳሱን ከኋላ ተቀብላ ለፊተኞቹ ታደርሳለች፤ ራሷ ጎል የምታስቆጥረው ከስንት አንዴ ነው። ከሁለት ወር በፊት አንድ ስታስቆጥር በሬዲዮ ሰማሁና ደስታው አላስቀምጥ ቢለኝ ዘጌ ለሚኖሩ የአባቷ ጎረቤት ደወልኩ። «ለመሪጌታ ንገሩልኝ፤ ልጃቸው አገባች!» አልኩ።

መሪጌታ ጥበቡ፣ የትርንጎ አባት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ኳስ ሜዳ ረግጠው አያውቁም። ልጄ ሳታማክረኝ ባል አገባች ብለው ተቆጡ። ትርንጎ ዘጌ ድረስ ሄዳ «ጎል ነው ያገባሁት» ብትላቸው ጭራሽ ባሰባቸውና በር ዘጉባት። ለምን እንደባሰባቸው እሷም እኔም አልገባንም። አሁን ደግሞ ቅዳሜ ባሕር ዳር የመጨረሻ ጨዋታዋን አድርጋ እሑድ ታንዛኒያ ላለ ቡድን ልትጫወት ትሄዳለች። «አባቴ ሳይመርቀኝ ከአገር አልወጣም» ብላ ስትደውልልኝ ቦርሳዬን አነሳሁ።

መንገዱ ደህና ነበር። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አልፈን እንጅባራ ስንደርስ ብርዱ አጥንት ውስጥ ገባ፤ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በበርበሬ ገዝቼ እጄንም ሆዴንም አሞቅሁበት። ከመራዊ በኋላ ሙቀቱ መጣ። ባሕር ዳር ገብተን ጣና በዘንባባዎቹ መካከል ብቅ ሲል እንደ ልማዴ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስንት ዓመት ያየሁት ውኃ ነው፤ ግን አይለመድም።

አመሻሽ ላይ ከትርንጎ ጋር ሐይቁ ዳር ተቀምጠን ሙሉ የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። እሷ አልነካችውም።

«ካልመረቀኝ ትኬቱን እመልሳለሁ፣ ቲቸር።»

«ስምንት ዓመት የለፋሽበትን?»

«በእንባው ላይ ረግጨ የት እደርሳለሁ?» አለችኝ።

«ነገ እኔ ዘጌ እሄዳለሁ፤ አንቺ ልምምድሽን አትተዪ» አልኳት።

አርብ፣ ዘጌ

ጀልባው በማለዳ ተነሳ። ውኃው ጸጥ ብሎ ሰማዩን እንዳለ ይዞታል። ይብራ የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች በአጠገባችን ሲንሳፈፉ፣ እንጨት የጫነ ሰው በደንገል ታንኳው አልፎን «ደኅና አደራችሁ» አለ። ከአንድ ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ደረስን።

ዘጌ በሬ የማይጠመድባት፣ ሜዳም የሌላት አገር ናት፤ ዙሪያው ጫካና ቡና ነው። እዚያ ሳስተምር ትርንጎ ኳስ የምትጫወተው በቡና ዛፎች መካከል ነበር። ቅርንጫፍ ከሰበረች ባለቤቱ ስለሚቆጣት፣ ሰው በማያልፍበት ጠባብ ቦታ ኳሱን ይዛ ዞራ መውጣት ለመደች። ያንን መንገድ እንደገና ስሄደው በዚህ መካከል እንዴት ትዞር እንደነበር ማመን አቃተኝ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«የኔታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ። «ትርንጎ ጎል ነው ያገባች።»

«እሱንማ እሷም ነግራኛለች» አሉ በቁጣ። «ጎል የማን ልጅ ነው? አገሩስ ወዴት ነው? ሽማግሌ መላክ የማያውቅ ምን ያለ ሰው ነው?»

ሳቄ አመለጠኝ። ለካ ልጅቱ ላስረዳ ስትል ባሏን በስሙ ያስተዋወቀች መስሏቸዋል! መቋሚያቸውን ለምኜ መሬት ላይ ሁለት ቋሚና አንድ አግዳሚ ሣልኩ፤ ኳሱ የሚገባው በዚህ ነው፣ ጎል ማለት ይኸው ነው አልኳቸው። ሥዕሉን በጣታቸው ነካ አድርገው አዩት። አልሳቁም።

«እኔ በልጄ ላይ ሁለት ወር በር ዘጋሁ?» አሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «ነገ ውሰጅኝ፣ መምህርት። ይኸን ኳስ የምትሉትን ልየው።»

ቅዳሜ፣ ስታዲየም

ሕዝቡ ሁሉ በዓይኑ ኳሱን ይከተላል፤ እኔም እንደዚያው። የኔታ ግን ልጃቸውን ብቻ ነው የሚያዩት። ጥቂት እንደቆዩ ክንዴን ያዙኝ።

«አየሽ? ኳሱ ገና ሳይደርስባት ቀኟንም ግራዋንም ታያለች።»

ልብ ብዬ አየሁ። እውነት ነው! ኳሱ ወደ እሷ ሲመጣ ሁለት ጊዜ ዞር ትላለች፤ ሲደርስ የት እንደምትልከው ጨርሳለች።

«እኛም ማኅሌት ስንቆም» አሉኝ፣ «መካከል ያለው መሪ ቀኙንም ግራውንም ሰምቶ ነው የሚያነሣ። ለሕዝቡ የሚሰማው የሌላው ድምፅ ነው፤ ማኅሌቱን ያቆመው ግን እሱ ነው።»

ወዲያው ሦስት ተጋጣሚዎች ከበቧት። አለቀላት ስል በአንዲት ክንድ ቦታ ዞረችና ወጣች፤ ረጅም ኳስ ወደ ቀኝ ላከች፣ የፊት መስመሯ ልጅም አስቆጠረች። ስታዲየሙ ባስቆጠረችው ልጅ ስም ሲናወጥ፣ የኔታ ብቻቸውን ወደ ትርንጎ ዞረው መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ።

ጨዋታው አልቆ ትርንጎ ስትመጣ አባቷን አየችና እንደ ልማዱ ጉልበት ልትስም ጎንበስ አለች። እሳቸው ትከሻዋን ይዘው አስቆሟት። መቋሚያቸውን ለእኔ ሰጡኝ፤ ቀስ ብለው ራሳቸው ጎነበሱና ሣርና ጭቃ የነካውን የልጃቸውን ጉልበት ሳሙ።

«ኧረ የኔታ!» አልኩ ደንግጬ፤ አባት የልጁን ጉልበት ሲስም በዕድሜዬ አላየሁም።

«ይቅር በይኝ፣ ልጄ» አሏት። «ሂጅ። በሄድሽበት ሁሉ እግርሽን እንቅፋት አይንካው።»

እሷ አለቀሰች፤ እኔም አላስቻለኝም።

እሑድ አውሮፕላን ማረፊያ ሸኘናት። ሰኞ ማታ ደብረ ማርቆስ ቤቴ ገባሁ። ሃያ ዓመት የስፖርት መምህር ሆኜ ፊሽካ ነፍቻለሁ፤ ተማሪዬን በደንብ ያየኋት ግን ኳስ ከማያውቁ አባቷ አጠገብ የተቀመጥኩ ዕለት ነው። እሳቸው ሁለት ወር ቢቀየሟት ጎንበስ ብለው ይቅርታ ጠየቁ። እኔ ግን ሌሎች እንዲያስቆጥሩ ኳስ ስታደርስ በኖረችባቸው ስምንት ዓመታት አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ብያት አላውቅም።