ሞያችሁን አሳዩን

ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ላይ፣ በኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ መካከለኛ ትምህርት ቤት አማርኛ ሳስተምር፣ ከሥራዬ ሁሉ የምወደው «የሳምንቱ ዜናና መጪ ዝግጅቶች» የተባለውን መጻፍ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ተማሪው ተሰልፎ ይነበብለታል። ትምህርት ቤታችን ለእስላሙም ለክርስቲያኑም እንዲመች ዓርብም እሑድም ይዘጋ ስለነበር፣ ሐሙስ ያመለጠው ሰው ምንም ሳይሰማ ይከርማል። ዜና ስል ግን ትልቅ ነገር እንዳይጠበቅ። አንድ ሐሙስ «የሰባተኛ ክፍል በር ተጠግኗል» ብዬ አስነብባለሁ፤ በሚቀጥለው ሐሙስ «የሰባተኛ ክፍል በር ተሰብሯል» ብዬ አስነብባለሁ። አንዴ ደግሞ እንዲህ ጻፍኩ፦ «የጠፋው ኳስ ተገኝቷል። የደበቀውን ልጅ ትምህርት ቤቱ ያውቀዋል፤ እሱም ራሱን ያውቃል።» እውነቱን ለመናገር ማን እንደደበቀው ምንም አላውቅም ነበር። ቅዳሜ ሦስት ልጆች በየተራ መጥተው ይቅርታ ጠየቁኝ።

ዜናውን የምታነብልኝ የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ልጅ ነበረች። የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ቀጭን፣ ዓይነ ደረቅ፣ ለምላሷ ልጓም የሌላት፣ እዚያው ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች። አማርኛ ስታነብ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ትመስላለች። አትደናቀፍም፣ ቃል አትውጥም፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ እንኳ ትንፋሿን መሰብሰብ ታውቃለች። ችግሩ ካነበበችው ውስጥ ግማሹ አይገባትም፤ ያልገባትን እንዳትጠይቅ ደግሞ ኩራቷ አይፈቅድላትም። አንብባ ስትጨርስ ማንም ሳይሾማት ወደ ታናናሾቿ ዞራ በአረብኛ ትተረጉምላቸዋለች። እኔ በመተማ በኩል ከተሻገርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም፤ አረብኛዬም ከሰላምታና ከገበያ አያልፍም ነበር። ስለዚህ ስትተረጉም አጠገቧ ቆሜ እንደገባኝ ሰው ራሴን እነቀንቃለሁ።

አባቷ የጭነት መኪናዎች ነበሯቸው፤ ከቁረይሻና ከሀዋታ እርሻዎች ሰሊጥ ያመላልሳሉ። በረሃቡ ዘመን በእናታቸው ጀርባ ታዝለው ድንበሩን ያለፉ፣ ከዚያ በኋላ በገዛ ጉልበታቸው ሰው የሆኑ፣ የተከበሩ ሰው ናቸው። ያን ሰሞን ግን በእኔ ክፍለ ጊዜ ላይ ተነሥተውበት ነበር።

«ኡስታዛ፣ አትቀየሚኝ» አሉኝ አንድ ቀን ቢሮ ውስጥ። «አማርኛማ ልጆቻችን ከእናታቸው ጡት ጋር ጠጥተውታል። ለጠጡት ነገር አስተማሪ ይቀጠራል? በሱ ፈንታ እንግሊዝኛው ቢጨመር ይሻላል። ካላመንሽኝ ልጄን ስሚያት፣ እንዴት አድርጋ እንደምታነብ!»

ያስተማርኳት እኔ ነኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። ርእሰ መምህራችን እንደ ልማዳቸው ከሁለታችንም ጋር ተስማሙ። ጉዳዩን ኮሚቴው ቅዳሜ ተሰብስቦ እንዲቆርጥ ተባለ። አማርኛ ከወጣ እኔም ከነሻንጣዬ እወጣለሁ፤ የምተኛው እንኳ ከቢሮው ጀርባ ባለችው የትምህርት ቤቱ ክፍል ነበር። ከዚያ ወጥቼ የት እንደምገባ አላውቅም። ፈርቼ ነበር፤ ሌሎቹ መምህራን እንዳያውቁብኝ ከወትሮው አብዝቼ እስቅ ነበር።

ፈሪ ሰው ብልሃት አያጣም፤ እኔም አንድ ዘዴ ዘየድኩ። ከስብሰባው በፊት ኮሚቴው ፊት የሞያ ቀን እናከብራለን አልኩ። እያንዳንዱ ልጅ ወጥቶ የአባቱን ወይም የእናቱን ሥራ ባማረ አማርኛ ይናገራል፤ «አባቴ ልብስ ሰፊ ነው፣ መርፌው እንዲህ ነው፣ መቀሱ እንዲህ ነው» ይላል። የትኛው ወላጅ ነው የገዛ ሥራው በልጁ አፍ ሲወደስ እየሰማ አማርኛ ይቅር የሚል? እንዲህ ብዬ አስቤ የሐሙሱን ዜና ጻፍኩ።

«ቅዳሜ ጠዋት የሞያ ቀን በትምህርት ቤታችን በደማቅ ሁኔታ ይከበራል። እያንዳንዱ ተማሪ የወላጁን ሞያ ይዞ ይምጣ። የኮሚቴው አባላት በክብር እንግድነት ይገኛሉ። ጥፍሩን ያልቆረጠ አይገባም።»

መጽሐፍ ሙያ ይላል፤ እኛ ጎንደሮች ሞያ ማለት ይቀናናል። ልጅቷ ሳትደናቀፍ አነበበችው፤ እኔ ራሴ ስሰማት ኮራሁ። ከዚያ ወደ ታናናሾቿ ዞረችና ጮክ ብላ «ያዕኒ፣ ዮም ሰብት፣ ጂቡ ሞያ!» አለች። ሰልፉ በእልልታና በፉጨት ተናወጠ።

ለማያውቅ ልንገር። በሱዳን አረብኛ ሞያ ውሃ ነው፣ ጂቡ ደግሞ አምጡ። ልጅቷ ያለችው «ማለትም፣ ቅዳሜ ዕለት ውሃ አምጡ» ነው። እንዴት አላወቅሽም የሚለኝ ይኖራል። ሞያ ውሃ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ በየቀኑ በአህያ ጋሪ የሚዞረውን ውሃ ሻጭ «ሞያ! ሞያ!» እያልኩ የምጠራ እኔ ነኝ። ነገር ግን የገበያው ሞያና የትምህርት ቤቱ ሞያ ጭንቅላቴ ውስጥ በየራሳቸው ቤት ይኖሩ ነበር፤ ተያይተውም አያውቁ። ጂቡ የሚለውን ደግሞ የሰማሁት ጅቡ ብዬ ነው። ርእሰ መምህሩ ሥጋ ሲያዩ ነፍሳቸውን አያውቁም፤ ሠርግ ቤት ቀድመው ገብተው መጨረሻ የሚወጡት እሳቸው ስለሆኑ ተማሪዎቹ በድብቅ ጅቡ ይሏቸዋል። ስለዚህ ልጅቷ ስለ ሞያ ተነሥቶ ርእሰ መምህሩን የጎነተለቻቸው መሰለኝ። የጅቡ ሞያ መብላት ነው ማለቷ ነው ብዬ በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ። ርእሰ መምህሩ ከአጠገቤ ነበሩ፤ እኔ ስስቅ አይተው እሳቸውም ሳቁ።

ዓርብ ቀኑን ሙሉ ነገሩን ማጣራት ይቻል ነበር፤ ግን ሁሉም የገባው ስለመሰለው ማን ማንን ይጠይቅ? እናቶቹም አልጠየቁም። አጥር የሚለየን ጎረቤት ትምህርት ቤት ከካርቱም በጦርነቱ የተፈናቀሉ ሰዎች ሰፍረውበት ነበርና፣ ለነሱ የሚዋጣ ውሃ መስሏቸው የልጆቻቸውን ጀሪካን እየመረቁ ሞሉላቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የክት ቀሚሴን ለብሼ በር ላይ ቆምኩ። የመጀመሪያው ልጅ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥሎ ገባ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛዋ ከእኅቷ ጋር በእንጨት አንጠልጥላ ባልዲ ይዛለች። አንዷ ትንሽ ልጅ መጸዳጃ ቤት ተይዞ የሚገባውን የፕላስቲክ ማንቆርቆሪያ ሞልታ፣ እንዳይፈስባት ምላሷን አውጥታ በጥንቃቄ ትራመዳለች። እኔ ምን ልበል? ታንከራችን ደርቆ ስለሰነበተ ርእሰ መምህሩ ያዘዙት መስሎኝ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አልኩ። ርእሰ መምህሩ ደግሞ እኔ ያዘዝኩ መስሏቸው «ጥሩ አስበሻል፣ ኡስታዛ» አሉኝ። እኔም ምስጋና አልመልስም፣ አመሰገንኳቸው።

ቀጥሎ የውሃ ሻጩ ልጅ ከነጋሪው፣ ከነአህያው፣ ከነበርሜሉ ገባ። በኋላ ሳስበው ከመላው ትምህርት ቤት ጥያቄዬን በትክክል የመለሰ እሱ ብቻ ነበር፤ የአባቱን ሞያ ይዞ ይምጣ ተባለ፣ ይዞ መጣ።

የኮሚቴው አባላት ከፊት በወንበር ተደረደሩ። ሊቀመንበሩ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ሽቶ ተቀብተው መሐል ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከሰልፉ ፊት የውሃ ላስቲኳን በሁለት እጇ አቅፋ ቆማለች። ተማሪዎቹ እንደዚያ ቀን ጸጥ ብለው አይቼ አላውቅም። ሁሉም እኔን ያያሉ፤ አንድ ነገር እንድል የሚጠብቁ ይመስላሉ። አማርኛ እንዲህ ከተከበረማ ማን ያስወጣኛል ብዬ ልቤ ሞላ። ስለ ሞያ ክቡርነት አጭር ንግግር አደረግኩ፤ ሞያ የሌለው ሰው እንደማይረባ፣ ሞያ ካለ ረሃብ እንደማይኖር ተናገርኩ። ልጆቹ በጣም ተስማሙ፤ በገዳሪፍ በጋ ስለ ውሃ እንዲህ ቢባል የማይስማማ የለም። በመጨረሻ እጄን ዘርግቼ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«በሉ እንግዲህ ልጆች፣ ሞያችሁን አሳዩን!»

እነዚህ ልጆች «የውሃ ቀን ይከበራል» ሲባሉ የሚያውቁት የውሃ በዓል ጥምቀት ነው፤ በጥምቀት ደግሞ ውሃ ይረጫል። ክርስቲያኑ ያውቃል፣ እስላሙም አብሮ ሲራጭ ኖሯል። ፈቃድ ብቻ ነበር የጎደላቸው፤ እሱን ደግሞ እኔ ሰጠኋቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ ያስቸግረኛል። መጀመሪያ ያየሁት የማንቆርቆሪያዋ ልጅ ወደ ርእሰ መምህሩ ስትሮጥ ነው። ጀሪካኖቹ ተከፈቱ። ባልዲው ባየር ላይ ሄደ። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ጥምጥም ተፈታ፤ አህያው ደነገጠና በርሜሉን እያንገጫገጨ ሜዳውን ዞረ፤ በዞረበት ሁሉ ልጆች እየተከተሉ ከበርሜሉ ይቀዳሉ። ርእሰ መምህሩ «ሰልፍ! ሰልፍ!» እያሉ ይጮሃሉ፤ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር ውሃ ይገባል። እኔም ከራሴ እስከ እግሬ በሰበስኩ። ሥራዬ እንዳለቀለት ገባኝ፤ ሻንጣዬ ዓይኔ ላይ መጣብኝ። እንዲያም ሆኖ ያን ማንቆርቆሪያ ሳይ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም።

ውሃው ሲያልቅ ግርግሩ ቆመ። ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ንቅንቅ አላሉም፤ ነጩ ጀለቢያ ገላቸው ላይ ተጣብቋል። ፊታቸው የቆመችው የገዛ ልጃቸው ናት፤ የያዘችው ላስቲክ ባዶ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሏት ቀስ ብለው።

«ሞያ ነዋ፣ አባዬ» አለች። «ሐሙስ አንብቤላቸው ነበር። የወላጁን ሞያ ይዞ ይምጣ ይላል።»

አጠገባቸው የተቀመጡት ገንዘብ ያዡ ነገሩ ቀድሟቸው ገብቷቸው ጥምጥማቸውን እየጨመቁ መንፈቅፈቅ ጀመሩ። ለእኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ ሞያና ሞያ በመጨረሻ ተያዩ። ሊቀመንበሩ ግን አልሳቁም።

«እስቲ ንገሪኝ፣ የኔ ሞያ ምንድን ነው?»

«ያንተማ በርሜል ሙሉ ነው። ከብዶኝ ቤት ተውኩት።»

አሁን ሁሉም ሳቀ። ሊቀመንበሩም ትንሽ ፈገግ አሉ። ከዚያ ፈገግታው ከፊታቸው ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁ፤ አንድ ነገር ትዝ እንዳላቸው ያስታውቃል።

«ቆይ፣ ልጄ» አሉ። «ማታ ማታ ከራት በኋላ ራስሽ ላይ እጄን ጭኜ ‹እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ› እልሻለሁ አይደል? ምን ማለቴ ይመስልሻል?»

ልጅቷ የቀላል ጥያቄ ስለመሰላት ወዲያው መለሰች።

«በቃሽ፣ ሂጂ ተኚ ማለትህ ነዋ።»

«አሜን የምትዪኝስ?»

«እንድትለቀኝ ነው።»

ገንዘብ ያዡ ጥምጥማቸውን መጨመቅ ተዉ። እኚህ ሰው ያቺን ምርቃት ከእናታቸው ወርሰው፣ ድንበር አሻግረው፣ በየማታው ለልጃቸው ሲሰጡ ኖረዋል፤ አንዲቱም አልደረሰቻትም። ሊቀመንበሩ መዳፋቸውን ርጥብ ፊታቸው ላይ አሳልፈው ልጃቸውን ብዙ አዩዋት። እሷ ያጠፋችው ነገር ያለ መስሏት ላስቲኳን ከጀርባዋ ደበቀች።

ስብሰባው እዚያው፣ ጭቃው ላይ፣ ወንበር ሳይደርቅ ተጀምሮ እዚያው አለቀ። ሊቀመንበሩ ማንንም ድምፅ አልጠየቁም።

«ኡስታዛ» አሉኝ ሲነሡ፣ «ለሐሙስ ዜና ጻፊው፤ አማርኛ ከእንግዲህ በየቀኑ ነው።» ጥቂት ሄደው ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከማንበቧ በፊት ግን ምን ማለት እንደሆነ ንገሪያት።»