የጋኒም ፎቶ፣ የእናቱ ምላስ

ኡም ጋኒም ጎረቤቴ ናት። ባስራ አጠገብ ባለችው ከተማችን በአቡል ኸሲብ ምላሷን የማይፈራ የለም፤ ዓሣ ሻጩ እንኳ ያደረ ዓሣ ከያዘ በደጇ አያልፍም። ባሏ በጦርነት ከሞተ ወዲህ ተምር እየለቀመች፣ ከሰው እየተጣላች ጋኒምን ብቻዋን አሳደገችው። የራሷ ስም ፈድዋ ነው። ያን ሁሉ ዘመን አጥር ተጋርተን ስሟን ያወቅሁት ግን ባለፈው በጋ ነው። እኛ ዘንድ ሴት ኡም እገሌ፣ የእገሌ እናት ተብላ ነው የምትኖረው።

በዚያ በጋ ወንዙ ጨው ሆነ። ሽናኖች የሚባሉት የጎሳ ሰዎች ጣፋጩን ውሃ በፓምፕ እየሳቡ ወደ ዓሣ ኩሬያቸው ሲያስገቡ የእኛ ተምር ቆሞ ደረቀ። ማን ደፍሮ ይናገራቸው? ጠመንጃቸው ከልጆቻቸው ይበዛል። ኡም ጋኒም በሰፈሩ ድረ ገጽ ተናገረቻቸው። "ውሃ ሌቦች! ጢም ማሳደግ ሌባን ወንድ አያደርገውም" ብላ ጻፈች። ከጽሑፉ ጎን የልጇ ፎቶ አለ። ፊቷን አደባባይ የምታወጣ ሴት እኛ ጋ የለችም፤ አንዷ ጽጌረዳ ትለጥፋለች፣ ሌላዋ ልጇን። ፎቶው ጢማም ቢሆንም "ኡም ጋኒም" የሚለውን ያነበበ ሁሉ ተናጋሪዋ እናቱ መሆኗን ያውቃል።

ጉዱ የመጣው የድረ ገጹ ኃላፊ ሰልዋን ገጹን ላሳምር ብሎ የተነሣ ዕለት ነው። ፎቶዎቹን ክብ አድርጎ አተለቃቸው፤ ስም እንዳይረዝምበት ደግሞ የመጨረሻውን ቃል ብቻ አስቀረ። "ኡም" ተቆርጣ ወደቀች። ከስድቡ ጎን የቀረው የጋኒም ፊትና የጋኒም ስም ሆነ። እጁን ይቁረጠው!

በማግስቱ ጋኒምን ከባጃጁ ጎትተው አወረዱት። እኔ ዳቦ ቤቱ በር ላይ ነበርኩ። የሽናኖች ታላቅ ልጅ ዳግር ስልኩን ፊቱ ላይ ደቀነበት።

"ይሄ አንተ አይደለህም?"

"እኔ ነኝ፣ ግን..."

"እናቴ ናት የጻፈችው" ማለት አቃተው። የትኛው ወንድ በአደባባይ ከእናቱ ጀርባ ይሸሸጋል? በብረት ቧንቧ ክንዱን መቱት፤ አጥንቱ ሲሰበር ድምፁን ሰማሁ። መሬት ጥለው ጎድኑን ረገጡት፤ ጥርሱን ከደሙ ጋር ተፋ። እኛ ወደ ሆስፒታል ስንወስደው እነሱ ቤቱን በጥይት ደበደቡት፤ ግድግዳው ላይም በቀይ ቀለም "ደሙ ይፈለጋል" ብለው ጻፉ። እንዲህ የተጻፈበት ሰው ተርፎ አያውቅም።

ኡም ጋኒም ጽሑፉን እንዳየች ወደ ሽናኖች የእንግዳ ቤት ገሰገሰች። እኔም ተከተልኳት።

"ሼህ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ። የኔ ልጅ እንኳን ስድብ ስሙንም ለመጻፍ ሰነፍ ነው።"

የጎሳው አለቃ ሽማግሌው ሳቀ። "አንቺ ሴትዮ፣ እናት ለልጇ ትዋሻለች። ፎቶው የሱ፣ ስሙ የሱ።"

"ታዲያ የጻፈው ፎቶው ነው?"

ዳግር ገፈተራት፤ ግንባሯ ከበሩ ተላተመ። "የጻፈችው ሴት ብትሆንማ ባልነካናት! የሴት ደም ለኛ ነውር ነው። ሂጂ መቃብሩን አስቆፍሪ!"

ነውሩን ሲያወራ ደሟ በቅንድቧ ይወርድ ነበር፣ ከብት! እሷ ግን ቃሉን ይዛለች። ስልኳን አወጣች፣ መሸፈኛዋን ገለጠች፣ እዚያው ፊታቸው ራሷን ፎቶ አነሣች። የልጇን አጥፍታ የራሷን አስገባች፤ "ፈድዋ" ብላም ጻፈች። ከስድቡ ሁሉ ጎን ደም የነካው ፊቷ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

"አሁንስ፣ ሼህ?"

ሽማግሌው አቀረቀረ። "ሂዱና ግድግዳውን እጠቡ" አለ ልጆቹን። ጋኒም ተረፈ።

ደስ አለኝ፣ እውነቴን ነው። ከተማው ግን ፎቶዋን ሲቀባበል ሰነበተ። ጋኒም ክንዱን በጄሶ ታስሮ ሲመለስ ጓደኞቹ "እናትህ ለካ ቆንጆ ናት!" እያሉ ተቀበሉት። ቤት እንደገባ በአጥሩ በኩል ሰማሁት።

"ፊትሽን ለባስራ ሁሉ? ከእንግዲህ በምን ዓይኔ ሰው ፊት ልውጣ?"

"ዋናው በእግርህ መውጣትህ ነው፣ ልጄ።"

በደህናው እጁ መታት። ደጋግሞ መታት። አጥሩን ዘልዬ አንገቱን አንቄ ስጎትተው እሷ ወለሉ ላይ ነበረች፤ አላለቀሰችም።

በማግስቱ ድረ ገጹን ከፈትኩ። ፎቶዋን ቀይራለች፤ አንድ ዓይኗ አብጦ ተደፍኗል፣ ከንፈሯ ተተርትሯል። "ውሃው አሁንም አልተለቀቀም" ብላ ጽፋለች።

ወደ አጥሩ ሄጄ "ኡም ጋኒም!" ብዬ ተጣራሁ። መልስ የለም።

"ፈድዋ!" አልኩ።

"አቤት" አለች።