ስለ መስታወቱ ያልነገርኳት

እናቴ ጋዝጊብላ ካለው ቤታችን ተነስታ በገበያ ቀን ሰቆጣ ድረስ በእግሯ ትመጣና ከአንድ ነጋዴ ሱቅ ትደውልልኝ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ሁለተኛ ዲግሪዬን እማራለሁ።

«ግን ምኑን ነው የምትማረው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ዚንክና ኢንዲየም ከሚባሉ ብረቶች የሚሠራ ኦክሳይድ አለ። እሱን መስታወት ላይ በስሱ እናለብሰውና ትራንዚስተር እንሠራበታለን። ብርሃን ሲያርፍበት ያውቃል። ወደፊት የስልክ ስክሪን በራሱ ብርሃን ይለያል።»

አፏን የፈታችው በአገው ቋንቋ፣ በኽምጣና ነው፤ አማርኛን የለመደችው ገበያ ነው።

«እንግዲያ የስልክ መስታወት ሠሪ ሆነሃላ!»

ሳቅሁ። አላረምኳትም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ፤ መንገዱም ስልኩም ተዘጋ። የማደርገው ሲጠፋኝ ቤተ ሙከራ መዋል ጀመርኩ። መስኮቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኜ ኦክሳይዱን ያለበስነው የመስታወት ናሙና ላይ መብራት አበራለሁ፤ የሚያልፍበት ኤሌክትሪክ ይጨምራል። አጠፋና እንዲቀንስ እጠብቃለሁ። ቶሎ አይቀንስም። መብራቱ ከጠፋ ከሰዓታት በኋላም ብርሃን ያለ ይመስል ይቆያል። ለስክሪን ይህ ጉድለት ነው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ጉድለቱን ማቃለል ነበር።

ስልክ እንደገና ሲከፈት ከነጋዴው ቁጥር ተደወለልኝ።

«እመዬ!» አልኩ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉ ነጋዴው። «አላህ ያጥናህ። እናትህ ካረፉ አራት ወር ሆናቸው። ግፊት ነበረባቸው፤ መድኃኒቱ ጠፋ።»

ቀኑን ጠየቅኋቸው፤ ነገሩኝ። የሙከራ ደብተሬን ገለጥኩ። በዚያ ቀን የናሙናው ኤሌክትሪክ ከወትሮው ፈጥኖ ስለቀነሰልኝ «ጥሩ ውጤት» ብዬ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

መንገዱ ሲከፈት አገሬ ገባሁ። ከለቅሶው በኋላ እህቴ አንድ ካርቶን አመጣች፤ ውስጡ ስክሪናቸው የተሰነጠቀ አምስት ስልኮች ነበሩ።

«ከጎረቤት የተቀበለችው እመዬ ናት። ‹ልጄ ሲመጣ ይሠራላችኋል› ብላ።»

«እኔ ስልክ መጠገን አልችልም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርካትም?»

በማግስቱ ካርቶኑን ይዤ ቤት ለቤት ዞርኩ፤ ስልኮቹን መልሼ ይቅርታ ለመጠየቅ። ስለ ስልኩ ያነሳብኝ ሰው የለም። በየደረስኩበት ቁጭ ያደርጉኝና ስለ እሷ እያወሩ እንደ አዲስ ያለቅሳሉ። እኔም አብሬያቸው አለቅሳለሁ።