ጥይቱ በሰው ኪስ ሳለ

ስልኩን አስቀምጡና ስሙኝ፣ ልጆች። ጊዜው ኅዳር ነበር፤ ከመልካሳ ወደ ሶደሬ ስትወርዱ አዋሽ ዳር ያለው የመስኖ ሽንኩርት ሊነቀል የደረሰበት ወቅት። አንድ ብቸኛ አውራ ከርከሮ ማሳውን አረሰው። ሽንኩርቱስ ይሁን፤ ውኃ ልትቀዳ የወረደች ነፍሰ ጡር ወግቶ ሆስፒታል አስገባት። ወረዳው እንዲገደል በደብዳቤ ፈቀደልን። የአባቴ ምንሽር ጠመንጃ ከነቁጥሩ የተመዘገበ ነው፤ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልዬ ደረት ኪሴ ነው የማኖረው። ጓደኛዬ ገመዳ ደግሞ ጦሩን ይዞ መጣ። ዱካ በመከተል እሱን የሚያክል ሰው አላየሁም።

ጎህ ሲቀድ ጉሙ ገና ከወንዙ አልተነሳም። ከርከሮ ሲግጥ በፊት ጉልበቱ ይንበረከካል፤ ጭቃው ላይ ያለው የጉልበቱ ምልክት ውኃ እንኳ አልቋጠረም። «አሁን ነው የሄደው» አለኝ ገመዳ በሹክሹክታ። ንፋሱ ከወንዙ ወደ እኛ ይነፍሳል፤ ደግ ነው፣ አያሸተንም። ሃምሳ እርምጃ ላይ አየሁትና ተኮስኩ። ቸኮልኩ መሰለኝ፣ ከትከሻው ወደ ኋላ ሆዱን መታሁት። ጠቆር ያለ ደም እያንጠባጠበ እሾሃማው የቆንጥር ጥሻ ውስጥ ገባ።

ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ሴቶቹ ጀሪካን ይዘው በዚያው ጥሻ መሃል ነው የሚወርዱት። የቆሰለ አውሬ እዚያ ትቶ ቤቱ የሚገባ ሰው አዳኝ አይባልም። ልንገባ ስንል የቀበሌው የጸጥታ ኃላፊ ተኩስ ሰምቶ በሞተር ደረሰ።

«መሣሪያውን ያምጡ።»

ፈቃዴንም የወረዳውን ደብዳቤም ዘረጋሁለት። አላነበበውም።

«ቁጥሩን መዝግብ፣ ስሜንም ጻፍ። መውሰድ ግን በጽሑፍ ትእዛዝ ነው፤ የታለ?» አልኩት።

«አባባ፣ አያካብዱ። እኔ ራሴ ደብዳቤ ነኝ።»

ደሜ ፈላ። ግን ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሰጠሁት! ነገ ደግሞ ሌላ ሰበብ ይፈልግብኛል ብዬ ፈራሁ፤ እውነቱ ይሄ ነው። ጥይቱን አስወጥቶኝ አራቱንም ጃኬቱ ኪስ ከተተና ባዶውን ምንሽር ትከሻው ላይ አነገተ።

«አውሬው ቆስሏል፣ ሴቶቹም ሊወርዱ ነው» ስለው ሳቀ።

«ለአንድ አሳማ ነው ይሄ ሁሉ? ኑ፣ አብረን እንየው።»

«ኧረ ቢያንስ ጠመንጃውን አጉርሰው!» ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ደሙን ተከትለን ገባን። ገመዳ ከፊት፣ እኔ ባዶ እጄን ከኋላው፣ ኃላፊው ከእኔ ኋላ። ጥሻው መሃል ደሙ ተቋረጠ። ደም እንዲያ ድንገት ሲቋረጥ አውሬው ዞሮ እየጠበቃችሁ ሊሆን ይችላል። ገመዳ ቁሙ ብሎ እጁን አነሳ፤ ወዲያው ቆንጥሩ ተንኮሻኮሸና ወጣብን።

«ጠመንጃውን! ጥይቱንም ስጠኝ!» ብዬ ጮህኩ። ኃላፊው ኪሱን ይዳብሳል፤ ኪሱን ሲገለብጠው ጥይቶቹ መሬት ላይ ተበተኑ። ገመዳ ጦሩን ሰካበት፤ ከርከሮው ግን ጦሩ እንደተሰካበት ገፍቶ ደረሰና በክራንቻው የገመዳን እግር ከጉልበቱ እስከ ጭኑ ተረተረው። «ያ ዋቃዮ!» ብሎ አምላኩን ጠራ፣ አንዴ ብቻ። ጦሩን ነቅዬ፣ ያ አውሬ እስኪወድቅ ወጋሁት፤ ከወደቀ በኋላም ወጋሁት።

እግሩን በሸሚዜ አስረን በባጃጅ አዳማ አደረስነው። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩን ግን ቆረጡት።

በሦስተኛው ቀን የወረዳው ፖሊስ ጠመንጃዬን መለሰልኝ። «ያለ ጽሑፍ ትእዛዝ፣ ያለ ደረሰኝ መውሰድ አይችልም ነበር» አለኝ። ይሄንንማ እኔም አውቅ ነበር እኮ! መንግሥት መሣሪያ አይቆጣጠር አልልም። ይመዝግብ፣ ይጠይቅ፣ ሕግ የጣሰውንም ይንጠቅ። ግን የቀበሌ ሹምም ልክ አለው፤ ልኩን ካልነገራችሁት ደግሞ አያውቀውም። ዛሬ ማንም ቢመጣ ደብዳቤውን እጠይቃለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፣ ግን እጠይቃለሁ።

ሆስፒታል የሄድኩ ቀን ገመዳ ስለ ኃላፊው አንድ ክፉ ቃል አልወጣውም። ብርድ ልብሱ ባዶ የሆነበትን ቦታ አየት አደረገና «ታዴ፣ ለምን ሰጠኸው?» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ። በየሳምንቱ ቤቱ እሄዳለሁ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሽንኩርቱ እናወራለን። ለዚያች ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ መልስ አልሰጠሁትም፤ እሱም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።