አጎቴና የተቆለፉት ኮምፒውተሮች

ጋሼ ካረፉ አርባ ቀን ሞላ፤ የእኔ ንዴት ግን አልበረደም።

አጎቴ ቦንጋ ውስጥ ዕድሜ ልካቸውን ፊዚክስ አስተማሩ። በየዓመቱ አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግተው የመጀመሪያዋን ማይክሮፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አንጎል የምትባለውን ቺፕ፣ ታሪክ ለእኛ ለተማሪዎቻቸው ይነግሩን ነበር።

«ገና የተቋቋመች ትንሽ ኩባንያ ነበረች» ይላሉ። «የሒሳብ ማሽን የሚሠሩ ጃፓኖች ደርዘን ያህል ቺፕ አዘዟት። ያን ሁሉ የሚነድፍ ሰው አልነበራትም። አንዱ መሐንዲሷ ታዲያ ‹የማስላቱን ሥራ ሁሉ አንዲት ቺፕ ብትሠራውስ?› አለ። ልጆች፣ ችግር ብልሃት ይወልዳል!»

እኔም አስተማሪ ሆኜ አብሬያቸው ስሠራ፣ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርቱ በገባ በዓመቱ ኮምፒውተሮች በዕርዳታ መጡልን። ርዕሰ መምህሩ «ተማሪ ይሰብራቸዋል» ብሎ የተቀመጡበትን ክፍል ቆለፈው። ጋሼ ደብዳቤ ቢጽፉ መልስ አጡ። በመጨረሻ እኔን ይዘው ቢሮው ገቡ።

«አንዱን ብቻ ፍቀድልኝ። ከፍቼ ውስጡን ላሳያቸው።»

«ጋሼ፣ የመንግሥት ንብረት እኮ ነው። ጡረታዎ ደርሷል፤ ምን አደከመዎት?» አላቸው።

ጋሼ ወደ ማስተማሪያ ክፍላቸው ተመለሱ። ክፍሉም እንደተቆለፈ ጡረታ ወጡ።

ቀብራቸው ላይ ያው ርዕሰ መምህር ተነሥቶ «ቴክኖሎጂን ለቦንጋ ልጆች ያስተዋወቁ አባት» እያለ የሕይወት ታሪካቸውን አነበበ። አላስጨረስኩትም።

«ውሸታም! ከሺሺንዳ፣ ከደካ የመጡ ተማሪዎቻቸው እዚሁ ቆመዋል። አንዱ እንኳ ያንን ክፍል ገብቶ ያውቃል?» ብዬ ጮኽኩ። ዘመዶቼ ጎትተው አስቀመጡኝ።

ጡረታ ከወጡ ጀምሮ በመምህራን ክፍል ወንበራቸው ባዶውን ነው፤ ማንም ደፍሮ አይቀመጥበትም።

ትናንት ባለቤታቸው «ለመሆኑ ኮምፒውተሮቹ ስንት ናቸው?» ብለው ጠየቁኝ። እዚያው ትምህርት ቤት አስተምራለሁ፤ እኔም በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም።