ያልተሰደበችው እናቴ

ይህን ለሚስቴም ለጸሎት ወንድሞቼም ተናግሬ አላውቅም። አንተ አታውቀኝም፤ ስለዚህ ላንተ መናገር ይቀለኛል።

ጂንካ ውስጥ አናጺ ነኝ። ጴጥሮስም አናጺ ነው፤ ከወላይታ አብረን መጥተን፣ አንድ ክፍል ተከራይተን ነው የጀመርነው። አንድ ጊዜ ቱርሚ ከተማ የሚገነባ ሆቴል የበርና የመስኮቱን ሥራ ለእሱ ሰጠው። ቀናሁ። ከኋላው መጥቼ ጭንቅላቱን በጣውላ መታሁት። እኔ ነኝ የመታሁት፤ በሰይጣን አላሳብብም።

ሲድን የዚያ ቀን ነገር ከአእምሮው ጠፍቶ ነበር። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁን ተቀመጡ። የኛ ሽማግሌዎች ጥፋቱን በአንድ ሰው ላይ ብቻ ጭነው መነሳት አይወዱም፤ "እሱስ ምን ቢልህ ነው?" አሉኝ። "እናቴን ሰደባት" አልኩ። ምን ነካኝ? ምንም አልነካኝም፤ አስቤበት ነው የዋሸሁት። ጴጥሮስ ጭንቅላቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ተነስቶ እግሬ ላይ ወደቀ። የተመታው መቺውን ይቅርታ ለመነ! እኔም ደረቴን ነፍቼ ይቅር አልኩት።

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ ነው። ወርክሾፓችን አንድ ነው፤ ልጆቻችን ከሁለቱም ቤት እየበሉ አደጉ። እናቴ ስትመጣ ከመናኸሪያ የሚቀበላት እሱ ነው፤ ጋቢ ያለበሳትም እሱ። ከእኔ አብልጣ ትወደዋለች። ሁለቱን አብረው ሳያቸው ደስ ይለኛል። ግን ደስ ሊለኝ ይገባል?

ጴጥሮስ ድሮ ቀልደኛ ነበር፤ ጂንካ ገበያ ውስጥ ያልተረበው ሰው አልነበረም። ከእርቁ በኋላ "ምላሴ አይታመንም" ብሎ ቀልድ ተወ። የጣውላው ቁስል ከሻረ ቆይቷል። አፉን የዘጋው የእኔ ውሸት ነው።

ባለፈው ሳምንት ልጁን ሲድር ንግግር አድርግ ቢሉት ማይኩን ለእኔ ሰጠኝ። እኔ ተናገርኩ፣ ሰው ሳቀ፣ አባትየው አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። እንግዳ ሲሸኝ ጠጋ አለኝና፣ "ወንድሜ፣ ያኔ እናታችንን ምን ብዬ ነው የሰደብኳት? ለንስሐዬ ልወቀው" አለኝ።

"ረስቼዋለሁ" አልኩት። ደግሜ ዋሸሁ።

ሰላማችን እንዳይፈርስ ብዬ ነው አልልም፤ ሰላሙን የማገኘው እኔ ብቻ ነኝ። እናቴ አሁን እኔ ጋ ናት። ነገ ጠዋት እሷ ፊት አስቀምጬ እነግረዋለሁ። ቢጠላኝ ይገባኛል፤ ይቅር በለኝ ብዬም አልጫነውም። ይህን ብቻ ይስማኝ፦ ጴጥሮስ፣ እናታችንን አልሰደብካትም። ጀርባህን ሰጥተኸኝ ጣውላ እየላግህ ነበር።